ተተኩሶ የተመለሰው ቀይ ጨርቅ

ሰው በሥራ ሰዓት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ ወይ ቁልፍ ጠፍቶበታል፣ ወይ ሆድ ብሶታል። ጋሼ እንፋሎት ቁልፋቸውን በእጃቸው ይዘው ስለነበር ሁለተኛው መሆኑን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አላስፈለገኝም።

እርግጥ መጀመሪያ አላየኋቸውም። የደንበኛ መጋረጃ ታቅፌ ከውጭ እየገባሁ ነበር። መጋረጃው ዓይኔን ጋርዶኝ ስለነበር ሳልረግጣቸው የቀረሁት ለጥቂት ነው።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ጎረቤት!» አሉ እግራቸውን እየሰበሰቡ። «ሰው እንኳን ሊሠራ፣ ተቀምጦስ በሰላም አይተክዝም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። በዚህ ሰዓት እዚህ አገኝዎታለሁ ብዬ መች አሰብኩ? ቦይለሩን ለማን ጥለውት መጡ?»

«ለጸሐፊዎች» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጋሼ እንፋሎት የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ሕንጻው ነው። እኒህ ሰው የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ቦይለር ሲጠብቁ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ማሽን በጆሯቸው ያውቃሉ። ጎረቤት ቤት ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ከሰሙ «ክዳኑ አልገጠመም» ይላሉ፤ ሄደው ሲያዩም እውነት አልገጠመም። ከእኔ የስፌት መኪና ጋር ደግሞ ከእኔ ይልቅ የሚግባቡት እሳቸው ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በጠራራ ፀሐይ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ነገሩን የማወቅ ጉጉትም ነበረብኝ፤ ይህንን አልደብቅም።

«ይግቡና ሻይ ይጠጡ» አልኳቸው። «ትካዜውም ቢሆን ወንበር ላይ ይሻላል።»

ገና ሲነሱ የእህታቸው ልጅ ከውጭ ገባች። አብራቸው የምትኖር ነርስ ናት። ከሆስፒታል መምጣቷ ነበር፤ ክንዷ ሥር አንድ ጠርዙ የተበላ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ይዛለች። ጋሼ መጽሐፉን ሲያዩ ዕዳ ጠያቂ እንዳየ ሰው ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኸው! እሱም ተከትሎኝ መጣ!»

«ማን ነው የተከተለዎት፣ አጎቴ?»

«ሰዋስው! ጠዋት የሆቴሉ መሐንዲስ ስለሱ ነገረችኝ፤ ከሰዓት አንቺ ይዘሽው መጣሽ። ማታ ደግሞ በሕልሜ ሳይመጣ አይቀርም።»

ሦስታችንም ወደ ስፌት ክፍሌ ገባን። ጋሼ ከመኪናዬ አጠገብ ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ከንግግራቸው በፊት የመኪናዬን ማዞሪያ አንዴ በጣታቸው አዙረው አደመጡት። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ቀይ ጨርቅ ነበር። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፤ እንደ ሰርግ መሐረብ አራት ማዕዘን ታጥፏል።

«ይህን ተመልከቱ» አሉ። «በዕድሜያችሁ የተተኮሰ ቡትቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች ስለሚሠሩ፣ መግባቢያቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ሁሉም እንደ አቅሙ የሚሰብረው እንግሊዝኛ። ጋሼና የቀድሞ ባልደረባቸው ግን መጻፍም መናገርም ሳያስፈልጋቸው በጨርቅ ይግባቡ ነበር። ተረኛው ሲወጣ ለሚገባው ምልክት አስሮ ይሄዳል። ነጭ ጨርቅ ከሆነ «አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው» ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ደግሞ «እንዳትነካው!» የቀድሞው ባልደረባ ጡረታ ሲወጣ የምልክቱን ትርጉም ይዞት ወጣ። በቦታው የመጣው አዲሱ ሰው ከሌላ አገር ነው። ትጉህና እጅግ ንጹሕ ሰው በመሆኑ ጋሼ «አቶ ንጹሕ» ብለውታል።

«ከትናንት በስቲያ» አሉ ጋሼ «ወደ መተኮሻው የሚሄደው ቧንቧ መጋጠሚያው ላላ። ማሸጊያው እስኪመጣ ብዬ ቫልቩን ዘጋሁና ቀዩን ጨርቅ አሰርኩበት። አጥብቄ ነው ያሰርኩት! ትናንት ጠዋት አቶ ንጹሕ ገባ። አየና 'ይህ ቆሻሻ እዚህ ምን ይሠራል?' ብሎ ፈታው። ፈትቶም አልጣለው፤ አጠበው! አጥቦም አልተወው፤ በእጅ ካውያ ተኩሶ ወንበሬ ላይ አስቀመጠልኝ! ከሰዓት በኋላ እንፋሎት ሲፈለግ ቫልቩን ከፈተው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቧንቧው ተነፈሰ። ደግነቱ ፊት ለፊት አልቆመም። እጁን ግን አገኘው። እኔ ስደርስ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዞ ቆሟል፤ ጨርቄ ደግሞ ወንበሬ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል።»

ቀጥለው «ዛሬ ጠዋት መሐንዲሷ ጠራችኝ» አሉ። «'ከሚመጣው ወር ጀምሮ በጽሑፍ የማያስረክብ ሰው ቦይለር አይዝም' አለች። 'በከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሠራተኞች የእንግሊዝኛ ማስተካከያ ትምህርት አለ፤ ይግቡ። ካልፈለጉ ፎጣ ማጠፊያ ክፍል ቦታ አለ፤ ዛሬ ቤትዎ ሄደው ያስቡበት' አለችኝ። ፎጣ! እስቲ ንገሩኝ፣ ፎጣ ይተነፍሳል? ፎጣ ያፏጫል? ፎጣ ሰውን ይጠራል?»

የሳቅኩት ሳላስበው ነው፤ ግን ዓይናቸውን ሳይ ሳቄን ዋጥኩት። ፎጣ ማጠፍ ነውር ሆኖ አይደለም። እኒያ ጆሮዎች የሚያዳምጡት ነገር ሊያጡ መሆኑ ነው የከበዳቸው።

«ታዲያ ትምህርቱን ይግቡዋ» አለች ነርሷ ረጋ ብላ። «እኔም የምማረው እዚያው አይደል?»

«እሱ ነው እኮ የሚገርመኝ! አንቺ ዲግሪ የጫንሽ ሰው፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማርሽ፣ ምን ጎደለሽና ነው ተመልሰሽ ሰዋስው የምትቆጥሪው?»

«አጎቴ፣ የእትዬ መቀስ የሚሳለው መቀስ መሆኑን ስለረሳ ነው?»

ወደ እኔ ዘወር አሉ። እኔም ምስክርነቴን ሰጠሁ። «በየጊዜው ነው የማስለው፣ ጋሼ። ያልተሳለ መቀስ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ያኝካል።»

«አያችሁ!» አለች። «እኔም እንግሊዝኛዬ ማኘክ ጀምሮ ነበር። ትምህርት ቤት የጻፍኩት ሁሉ ለፈተና ነው። አራሚው ቁጭ ብሎ ልቡናውን ሰብስቦ ያነብልኛል፤ ያላልኩትንም ገምቶ ነጥብ ይሰጠኛል። አሁን ማስታወሻዬን የምታነበው ተረኛዋ ነርስ ናት። ቆማ ነው የምታነበው፤ አንድ በሽተኛ እየጠራት፣ አንዱ እያቃሰተባት። መገመት የለባትም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ያሰፈርኩትን ማስታወሻ በማግስቱ ራሴ አነበብኩት። መድኃኒቱን ሰጥቼ እንደሆነ ወይም እሷ እንድትሰጥ ጠይቄ እንደሆነ እኔው ራሴ አልገባኝም! ደግነቱ ተረኛዋ ብልህ ስለሆነች ሌሊቱን ስልክ ደውላ ጠይቃኝ ነበር። እሷን እያመሰገንኩ ነው ትምህርቱን የተመዘገብኩት።»

ጋሼ ሻያቸውን ፉት አሉ። ሰውዬው ሲሸነፉ ሻይ ያበዛሉ።

«እሺ፣ አንቺ ወጣት ነሽ» አሉ። «እኔ ግን ካረጀሁ ምን እበጃለሁ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ እንጂ፣ ጠምጥሞ ለጨረሰ ሰው ምን ተባለ?»

«ጠምጥመውማ ነበር፤ ቫልቩ ላይ። አቶ ንጹሕ ፈታው እንጂ» አልኳቸው።

«ጎረቤት፣ ሻይሽን አመስግኜ እንዳልወጣ!» አሉ። ግን ፂማቸው ሥር ፈገግታ አየሁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እውነቱን ልንገራችሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስናገር ብሳሳት ነፋስ ይወስደዋል፤ እኔም በእጄ፣ በግንባሬ ብዬ አስረዳለሁ። ወረቀት ላይ ብሳሳት ግን ያ ስሕተት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወጪ ገቢው ይስቅበታል። በዚህ ዕድሜዬ የማንም መሳቂያ አልሆንም።»

ብዙ ሰው «አልማርም» ሲል ስንፍና ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው፤ ኩራት ለብሶ የሚወጣ ፍርሃት። ነርሷም ይህን አውቃ አልቸኮለችባቸውም። ጨርቁን ከጠረጴዛው አንስታ እጥፋቱን በቀስታ ፈታች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት እውነት ነው» አለች። «እኔ ወረቀትን የምወደው ግን ስለዚያው ነው። ጨርቁ የያዘውን ለቀቀ፣ አጎቴ። አንድ ጊዜ ታጠበና ቃልዎ ከእድፉ ጋር ወረደ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ይዞ ይቆይ ነበር።»

ጋሼ ሻዩ አልቆ ስለነበር ባዶውን ብርጭቆ ፉት አሉ።

«እስቲ እንሞክር» አለች ቶሎ ብላ። «አሁን እዚሁ ለባልደረባዎ ይጻፉለት። እትዬ አቶ ንጹሕ ትሁንልን። ጠዋት ገብታለች፣ እጇ ቫልቩ ላይ ነው።»

እኔም ተነስቼ መቀሴን እንደ ቫልቭ ያዝኩ። በዕድሜዬ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ቦይለር ጠባቂ ስሆን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ ወረቀትና እርሳስ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው ይጽፉ ጀመር። ጻፉ፤ ገልብጠው በጀርባውም ጻፉ። ሲጨርሱ እንደ ክስ ማመልከቻ በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም ጮክ ብዬ እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩት።

«የተከበርክና የምወድህ ወንድሜ ሆይ፣ እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፣ አንተስ እንደምን አለህ፣ ቤተሰብህ፣ ልጆችህ፣ እንዲሁም በአገርህ ያሉት ወላጆችህ እንደምን አሉ፣ ትናንት ብርድ ነበረ፣ ደግሞም አብረን መሥራት ከጀመርን ወዲህ ትጋትህን በማየት...»

ቀና አልኩ። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ስደርስ ተቃጥያለሁ።»

«ቀጥዪ! ቫልቩ በጀርባው ነው!»

«እኔ እኮ ጀርባው ላይ ሳልደርስ ከፈትኩት!»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸው ግን ተቆጡ። «ታዲያ ሰው ለሰው ሲጽፍ ሰላምታ ሳያስቀድም 'አትክፈት' ብሎ ይጀምራል? ይህ የውሻ ጠባይ ነው እንጂ የሰው ነው? እኛ ያደግነው ነገር ከመናገራችን በፊት ሰው መኖሩን ጠይቀን ነው።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህ ክርክር ልቤን ነካው። ሰላምታን የሚንቅ ትምህርት ቢሆን እኔም አልደግፈውም ነበር። ነርሷ ግን ቀድማ አስባበታለች።

«ሰላምታውን ማን ይጣለው አለ?» አለች። «ቦታውን እንቀይርለት ነው የምለው። እትዬ፣ ደንበኛሽ ካፖርቱ እሳት ይዞት እየሮጠ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ካፖርቱን አስወልቀዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃ አጠጥቼ፣ ተቀመጥ ብዬ፣ እናቱ እንዴት እንደሆነች እጠይቀዋለሁ።»

«ይኸው ነው፣ አጎቴ። መጀመሪያ አደጋው፣ ከዚያ እናቱ። አክብሮት ማለት ደግሞ ሰውየውን ከመቃጠል ማዳን ነው።»

ጋሼ እርሳሱን በጣታቸው ያሽከረክሩ ጀመር። «እሺ፣ ይሁን። ግን እኔ በአማርኛ አስቤ ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጠው እንደ እርጥብ አንሶላ ይተበተብብኛል።»

«የሚተበተበው ስለማያውቁ አይደለም» አለች። «የሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር ስለሚለያይ ነው። እኛ 'ዘጋሁት' እንላለን። በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ ማን እንደዘጋ፣ ምን እንደዘጋ፣ ድርጊቱም ያለቀ መሆኑ አብሮ ተሰፍቷል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይሰፋም፤ ቁራጩን ለየብቻ ያስቀምጣል። ባለቤቱን መጀመሪያ፦ እኔ። ከዚያ ግሡን፣ ያለቀ ከሆነ ያለቀ አስመስለው፦ ዘጋሁ። ከዚያ ተሳቢውን፦ ቫልቩን። እኛ ግሡን መጨረሻ ስለምናስቀምጥ፣ እንግሊዝኛም ስንጽፍ ዋናውን ነገር ወደ ኋላ እናዘገየዋለን። አንባቢው እስከዚያ አይጠብቅም። ለአንድ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ነገሩ ሲያልቅ ነጥብ ያድርጉና ይቁሙ።»

«እንዲህ ከሆነ» አልኩ፣ «ልክ እንደ ስፌት ነው። መጀመሪያ ቆርጦ መደርደር።»

«ልክ እንደ ቧንቧ ነው!» አሉ ጋሼ ቀበል አድርገው፣ ሳያስቡት። «አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን ካጋጠምሽ ያፈሳል።»

እኔና ነርሷ ተያየን። ሰውዬው የገዛ እግራቸው ወደ ክፍል እየወሰዳቸው መሆኑን አላወቁም። እኛም አልነገርናቸውም።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደጃፌ ላይ ረዘም ያለ፣ ሸሚዙ እንከን የሌለው ሰው ቆሟል። ቀኝ እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ በግራው የጋሼን የምሳ ዕቃ ይዟል። ጠዋት ተናደው ሲወጡ ረስተውት ኖሯል። የምሳ ዕቃው እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በዚያ እጁ አጥቦታል! ማን መሆኑን ለማወቅ ስሙን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አባት እዚህ ናቸው? ድምፃቸውን ሰማሁ» አለኝ በሚያውቃት እንግሊዝኛ።

ጋሼ ድምፁን ሲሰሙ ተነሱ። ቅድም ስለዚህ ሰው ያሉት ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። ዓይናቸው ፋሻው ላይ ተተክሎ ቀረ። እንግዳው ገብቶ የምሳ ዕቃውን በአክብሮት አስቀመጠና፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ቀይ ጨርቅ ሲያይ ደነገጠ።

ቀስ እያለ፣ ቃላቱን እየፈለገ ተናገረ። «ይቅርታ። በእኛ ዘንድ የትልቅ ሰው ዕቃ ቆሽሾ አይተውም። ላስደስትዎት ብዬ ነው ያጠብኩት። ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። ጨርቁ አንድ ነገር ይል ነበር። ምን ነበር የሚለው?»

ምን ነበር የሚለው? ከዚያ ሁሉ ክርክራችን ይልቅ የከበደው ይህ ትንሽ ጥያቄ ነው። ጋሼ በእንግሊዝኛ ጀመሩ፤ «ቫልቭ... ዝግ... አይ... ቧንቧ...» እጃቸው በአየር ላይ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ሰውዬው በትኩረት ያያቸዋል፣ ግንባሩን ይሰበስባል፤ አልገባውም። ነርሷ ልታስተረጉም አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኩት። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ ነገ ቦይለሩ ክፍል ውስጥ እሷ እንደማትኖር ስላወቅኩ ነው።

ጋሼ ዞር ዞር አሉ። ወረቀታቸው በሰላምታ ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የልብስ መስመር የማወጣበት ጠመኔ አገኙ። ፊት ለፊታቸው ደግሞ የደንበኛዬ ጥቁር ካፖርት ገበሩን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። «ኧረ ጋሼ፣ እሱ ላይ...» ብዬ ልጀምር ስል ጻፉ። በትልልቁ፣ ቀስ ብለው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ፤

ቫልቩን ዘግቻለሁ። ቧንቧው ላልቷል። አትክፈት።

ሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሰላምታ የለበትም፣ ጌጥ የለበትም፤ ግን እያንዳንዱ በእግሩ ይቆማል። እንግዳው በጤነኛው እጁ ጣት እየተከተለ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ።

«ይህንን» አለ፣ «ይህንን ብቻ ባነብ ኖሮ ይገባኝ ነበር።»

ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጡ።

እንግዳው ቀጠለ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ጨርቁን ስፈታ ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። 'ይህ ምንድን ነው?' ብዬ ጽፌ ልተውልዎት ነበር። ከዚያ 'እኒህ ትልቅ ሰው እንግሊዝኛዬን አይተው ይስቁብኛል' አልኩና ተውኩት።»

ነርሷ ይህንን ወደ አማርኛ መመለስ አላስፈለጋትም፤ ጋሼ ገብቷቸዋል። ሰውዬውን አዩት፣ ወደ እኛ ዞሩ፣ መልሰው አዩት።

«እኔ? እኔ ልስቅብህ?» አሉ በአማርኛ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው በእንግሊዝኛ፣ «እኔም አንተ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው!»

ከዚያ ሰውዬው ሳቀ፤ ጋሼም ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ የታፈነ ቫልቭ ሲከፈት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የአንዱን ሳቅ ፈርተው በዝምታ ሊገዳደሉ ነበር፤ አሁን ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው ይስቃሉ። ሳቁ ሲበርድ ጋሼ የታመመውን እጅ ከክንዱ ላይ በቀስታ ያዙት።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አሉ። «እኔ ለመጻፍ ያፈርኩበትን አንተ በእጅህ ከፈልክ። እግዜር ፊትህን ስላተረፈልኝ አመሰግናለሁ።»

ነርሷ ይህን አስተረጎመች፤ አሁን አልረገጥኳትም። ዓይኗን ስትጠርግ ግን መጽሐፏን አነሳች። «ትምህርቱ ሊጀመር ነው» አለች። «እኔ ልሂድ።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ወዴት ነው ብቻሽን?» አሉ። «አቶ ንጹሕ፣ ና፣ ተነስ። የምሳ ዕቃውን ተወው፤ ከዚህ በላይ ሊጸዳ አይችልም።»

ሦስቱም ወጡ። እኔ ካፖርቱን ይዤ ቀረሁ። ብሩሽ አንስቼ ጠመኔውን ላራግፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ደንበኛዬ በማግስቱ ሲመጣ «ገበሩ ላይ ምን ተጽፏል?» አለኝ። «አይክፈቱት ነው የሚለው» አልኩት። የምቀልድ መስሎት ሳቀ።

ትምህርቱ እንዴት ሆነ? ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ከመምህሯ ጋር ተጣሉ፤ «ነጥብ ያለቦታው አስገባሽብኝ» ብለው። በኋላ ግን የነጥብ ወዳጅ እሳቸው ሆኑ። እንዲያውም ወሬ ሳረዝምባቸው «ጎረቤት፣ ነጥብ!» ይሉኝ ጀመር። ሁለቱ ባልደረቦች ጎን ለጎን እየተቀመጡ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንደ ተረኛ ሆኖ ያነብለታል። ካልገባው አይስቅም፤ «እዚህ ጋ ተቃጠልኩ» ይለዋል። ያ ቃል ክፍሉን ሁሉ አዳረሰው አሉ።

ወሩ ሲገባ ለሆቴሉ የጠገንኳቸውን ሽርጦች ላስረክብ ሄጄ ወደ ቦይለሩ ክፍል ጎራ አልኩ። ጋሼ በቦታቸው ነበሩ። ጆሯቸው የሚያዳምጠውን አላጣም። መሐንዲሷ እንደነገረችኝ፣ አሁን ተረኛ ሲቀያየር የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቀድሞ ጋሼ ብቻ በጆሯቸው ያውቁት የነበረውን ሌላውም በዓይኑ ያነበዋል። ዕውቀታቸው ከእሳቸው ጋር ጡረታ አይወጣም ማለት ነው። የመተኮሻ ክፍሉ ሴቶችም መማር ጀምረዋል። እኔስ? እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ድሮ ለውጭ አገር ደንበኞቼ የምጽፈውን ማስታወሻ ተረድቶ የሚመጣ የለም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ ተቆጥተው ነበር ልብሳቸውን የሚወስዱት። አሁን «ቀሚስዎን ጨርሻለሁ። ሐሙስ ይምጡ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሐሙስ ይመጣሉ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሰው ሳይደክም ሐሳብህን ሲረዳ ደስ ይላል፤ ሳታደክመው የእሱን ስትረዳ ደግሞ የበለጠ። ለዚያች መጽሐፍ ይዛ ለገባች ልጅ ምስጋናዬ ብዙ ነው። እጁ እየተለበለበም የሰው ምሳ ዕቃ አጥቦ ለመጣው ለዚያ ሰውም።

ከቫልቮቹ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሐሳቡ ከካፖርቱ ገበር ነው የመጣው ይላሉ ጋሼ፤ ደንበኛዬ ይህን አልሰማም። ቀዩ ጨርቅም አልተጣለም። ከሰሌዳው ጥግ በሚስማር ተንጠልጥሏል፤ ሥራው አሁን ሰሌዳውን መጥረግ ነው። ሰሌዳው ሲጠረግ ጨርቁ ይቆሽሻል፣ አቶ ንጹሕ በየሳምንቱ አጥቦ ይተኩሰዋል፤ ማንም አይከለክለውም።

ፋሻው ከሰውዬው እጅ ወርዷል። እኔ ስደርስ እሱ ሊገባ፣ ጋሼ ሊወጡ ነበር። ጋሼ በጨርቁ ሰሌዳውን ጠረጉና፣ ጠመኔያቸውን አንስተው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ ጻፉ፤

ቧንቧውን ጠግኛለሁ። ቫልቩን ከፍቻለሁ። እንፋሎቱ ደኅና ነው።

ቆም ብለው አነበቡት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ የነገሩ ቦታ ተጠብቋል፣ የሰላምታውም ቦታ ደርሷል እንደ ማለት። ከሥሩም ጨመሩ፤

አሁን ልጆችህን ሳምልኝ።